የጎረቤት ዛፍ ጣሪያዬ ላይ ቢወድቅስ?

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፎቹ ጣሪያዬ ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱ ደግሞ ጭራሽ ደርቋል። የቤት ኢንሹራንስ አለኝ። ቢወድቅ የሚከፍለው ማነው፣ የእኔ ኢንሹራንስ ወይስ ጎረቤቴ?

መልስ፦ ብዙ ሰው "ዛፉ የእሱ ነው፣ እሱ ይክፈል" ይላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ጤነኛ ዛፍ በኃይለኛ ንፋስ ተገንድሶ ቤትዎን ቢጎዳ፣ ዛፉ የማንም ይሁን የማን፣ አብዛኛውን ጊዜ ካሳ የሚጠይቁት ከራስዎ ኢንሹራንስ ነው። በውሉ መሠረት ከኪስዎ የሚሸፍኑትን የመጀመሪያ ድርሻም አይርሱ።

የእርስዎን ጉዳይ የሚለየው ያ የደረቀ ቅርንጫፍ ነው። ጎረቤትዎ አደጋውን እያወቀ ዝም ካለ ኃላፊነቱ ወደ እሱ ሊዞር ይችላል፤ ኢንሹራንስዎም ለእርስዎ የከፈለውን መልሶ ከእሱ ሊጠይቅ ይችላል። ግን ማወቁ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ በደንብ ያነጋግሩት፣ ከዚያ ቀን ያለበት አጭር ደብዳቤ ይስጡት፣ ቅርንጫፉን ፎቶ አንስተው ከደብዳቤው ኮፒ ጋር ያስቀምጡ። ይህን ዛሬ ነገ አይበሉ፣ እባክዎ!

ሌላው፣ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ድንገተኛ ጉዳትን ነው። ቅርንጫፉ ጣሪያውን ሲፍቀው ቢከርም፣ ወይም ቅጠሉ አሸንዳውን ደፍኖ ውሃ ቢያሰርግ "የጥገና ጉድለት ነው" ተብለው ሊመለሱ ይችላሉ። የማስቆረጫ ወጪም ብዙ ጊዜ አይሸፈንም። ወደ ግቢዎ የገባውን ቅርንጫፍ ራስዎ መቁረጥ ይችሉ እንደሆነ ደግሞ ሕጉ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ መጋዝ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ።