ጃፓን መሥራት ይከብዳል ወይ ብለህ ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ ማስተርስህን እዚያው ጃፓን እየጨረስክ ሳለ ካንድ ድርጅት የሥራ ዕድል መጥቶልሃል፣ ግን «ሌት ተቀን ያሠራሉ፣ ሰው ሥራ ላይ ይሞታል» የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለሃል። እስካሁን ግማሹ «አትፍራ ግባበት» ግማሹ «እንዳትሞክረው» ብሎሃል። እኔ ኤቢኢ ኢኒሼቲቭ በሚባለው፣ ጃፓን ለአፍሪካ ወጣቶች በምትሰጠው ስኮላርሺፕ ሄጄ ከተማርኩ በኋላ ኢንተርንሺፕ የሠራሁበት ፋብሪካ ቀጥሮኝ ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ። አይቺ በሚባል የጃፓን ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው፣ የመኪና ዕቃ የሚያመርት፣ ስልሳ ሰው እንኳ የማይሞላ። ስለ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሌላ ሰው ይንገርህ።

ሥራ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር 2፡30 ነበር። 2፡30 ላይ ከደረስክ ግን አርፍደሃል። 2፡15 ላይ ዩኒፎርምህን ለብሰህ ግቢ ውስጥ ትቆማለህ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 የተጀመረው የሬዲዮ ጂምናስቲክ ሙዚቃ ይለቀቃል፣ ሽማግሌው ወጣቱ እጁን ሲያወናጭፍ አንተም አብረህ ታወናጭፋለህ። የመጀመሪያ ሰሞን ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ባቡር ቢዘገይ እንኳ ጣቢያው የመዘግየት ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጥሃል።

ጉዱ መውጫው ላይ ነው። 11፡30 ሥራ ያልቃል፣ ማንም ግን አይነሳም። አለቃው ስላልተነሳ ምክትሉ አይነሳም፣ ምክትሉ ስላልተነሳ ከሱ በታች ያለው ያለቀ ወረቀት መልሶ መላልሶ ያገላብጣል። ቆይ ያለህ ሰው የለም። ይሉኝታ ነው እንጂ! እኛ ይሉኝታን ለለቅሶና ለድግስ አድርገነዋል፣ እነሱ ቢሮ አስገብተውታል። ቀድመህ ስትወጣ «ኦሳኪ ኒ ሺትሱሬይ ሺማስ» ትላለህ፣ ቀድሜያችሁ በመሄዴ ይቅርታ እንደ ማለት። እኔ ሥራዬን ከጨረስኩ እሱን ብዬ እወጣ ነበር፣ የከፋ ነገር አልደረሰብኝም።

የሞቱ ነገር ወሬ አይደለም። «ካሮሺ» የሚል ቃል ያላቸው ለዚሁ ነው፣ ከሥራ ብዛት መሞት ማለት ነው። ሕጉም ተቀይሯል፦ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ በትልልቆቹ፣ በዓመቱ ደግሞ በትንንሾቹ ድርጅቶች፣ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው በወር 45፣ በዓመት 360 ሰዓት ላይ ተገድቧል። «ልዩ ሁኔታ» የሚባል ቀዳዳ ግን አለው፣ በአንድ ወር ወደ 100 ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ደመወዝህ ውስጥ የስንት ሰዓት ትርፍ ሥራ አብሮ እንደተቆጠረ እይ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

እኔን የፈተነኝ ግን ሰዓቱ አይደለም። በገባሁ በአራተኛው ወር ዕቃዎቹን ማሽኑ ላይ ገልብጬ እያሰርኩ 200 የሚሆኑት ቀዳዳቸው ከልኩ ወጣ። ሳውቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ዝም አልኩ። ሁሉም ከወጣ በኋላ ብቻዬን እስከ ማታ 3 ሰዓት ለቅሜ ለየሁ፣ ጎደሎውንም ሠርቼ ተካሁ። ጠዋት «ስህተት ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ» አልኩት የመስመሩን ኃላፊ፣ በኩራት ጭምር። ሰውየው ምንም ሳይለኝ ነጭ ሰሌዳው ላይ «15፡00» ብሎ ጻፈ፣ በእነሱ አቆጣጠር ያወቅኩበት ሰዓት። ራቅ አድርጎ «8፡20»፣ የነገርኩት ሰዓት። በመካከላቸው ረጅም መስመር አሰመረና ወደ መስመሩ አመለከተ። «የተበላሹት በዚህ ውስጥ ወደ ሌላው ክፍል አልፈው ቢሆንስ?» ክው አልኩ። ያን ያህል ሰዓት መልፋቴን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም።

«ሆሬንሶ» የሚሉትን ያኔ ነው የተማርኩት፦ ሪፖርት አድርግ፣ አሳውቅ፣ አማክር። (ቃሉ የስፒናች ስምም ነው፣ ስለዚህ አይረሳም።) በሳምንቱ ማሰሪያው ላይ ትንሽ ፒን ተጨመረች፣ ዕቃውን ከገለበጥከው አልገባም ይልሃል። ማን አጠፋ ብሎ የጠየቀ የለም። እኛ ጋ ጥፋት ሲገኝ መጀመሪያ የሚፈለገው ጥፋተኛው ነው። ካይዘንን፣ ማለትም ሥራን ትንሽ በትንሽ ሁልጊዜ የማሻሻል የጃፓኖችን ዘዴ፣ አገራችን ውስጥ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ የማውቀው በግድግዳ ላይ ፖስተር ነበር። ያቺ ፒን ናት ያስረዳችኝ።

ሌላው የሚያደክምህ ንግግራቸው ነው። ፈቃድ ጠይቄ «ቾቶ ሙዙካሺይ» ተባልኩ፣ ትንሽ ያስቸግራል። እኔም ተስፋ አድርጌ ሁለት ሳምንት መልስ ጠበቅኩ። ለካ መልሱ ያው ነበር፣ አይሆንም ማለት ነው። በሰምና ወርቅ አድጎ ይህ መጥፋቱ! ለነገሩ ስድስት ወር ከሠራህ የ10 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አለህ፣ ቢያንስ አምስቱን እንድትወጣ ሕጉ አሠሪውን ያስገድደዋል። ቀደም ብለህ፣ ሥራ በማይበዛበት ወር ጠይቅ፣ ስትመለስ ለክፍሉ ሰው የሚታደል ጣፋጭ ይዘህ ና።

ውሉ ሲደርስህ የአንተንና የድርጅቱን ስም አጥፍተህ የትርፍ ሰዓቱን አንቀጽ እዚህ ለጥፈው፣ እናየዋለን።