«መዳብ ብርን ተካ» ወይስ «ብር መዳብን ተካ»?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ «መዳብ ብርን ይተካል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ተማሪዎቼ ግን ብር ናይትሬት በሟሟበት ውሃ ውስጥ የተነከረው የመዳብ ሽቦ ብር ለብሶ ሲያዩት «ታዲያ የተካው ብር አይደለም ወይ?» ይሉኛል። «መዳቡ ወደ ብር ተለወጠ» ብለው የሚጽፉም አሉ። የትኛው አማርኛ ትክክል ነው? ደግሞስ «የብር ጨው» ማለት ያስኬዳል?

መልስ፦ የተማሪዎችዎን ጥያቄ እንደ ስሕተት አይቁጠሩባቸው። ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ጣጣው ያለው ግሡ ላይ ነው።

«ተካ» በአድራጊነት ሲነገር አያሻማም። ባለቤቱ ገቢ፣ «ን» የያዘው ተሳቢ ወጪ ነው። ነገሩ የሚጠላለፈው «ተተካ» ስንል ነው። «አሠልጣኙ በረዳቱ ተተካ» ቢባል አሠልጣኙ ሄዷል። «በአሠልጣኙ ቦታ ረዳቱ ተተካ» ቢባል ግን የተተካው ሰው መጥቷል። ያው አንዱ ግሥ፣ አንዴ ያስወጣል፣ አንዴ ያስገባል። ስሙን ያየን እንደሆነ «ተተኪ» ምንጊዜም የሚገባው ነው፤ ከሜዳ የወጣውን ተጫዋች ተተኪ የሚለው የለም። ስለዚህ በፈተና ወረቀት ላይ «መዳቡ ተተካ» ብሎ ማቆም ተማሪውን ለማደናገር ካልሆነ በቀር አይጠቅምም።

አድራጊው «ተካ»ም ቢሆን ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ነገር አለበት፤ ቦታው። የማንን ቦታ፣ የት? ተማሪዎችዎ የሚያዩት ሽቦውን ነው። መጀመሪያ ግራጫ ሻጋታ የመሰለ ነገር ያለብሰዋል፤ ቆይቶ የሚያብለጨልጩ መርፌ መሳይ የብር ቅንጣቶች ይበቅሉበታል። ሽቦው ላይ መዳብ በነበረበት ብር ተቀምጧል፤ ለዓይን «ብር መዳብን ተካ» እውነት ይመስላል። መጽሐፉ የሚያየው ግን ውሃውን ነው። ቀለም ያልነበረው ውሃ ቀስ በቀስ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊነቱ የመዳብ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን የሰጠ የመዳብ አተም፣ ነው፤ ከናይትሬት ጋር የነበረውን የብርን ስፍራ መዳብ ይዞታል። በጨዉ፣ ማለትም በናይትሬቱ ውሁድ፣ ውስጥ ሲታይ ገቢው መዳብ፣ ወጪው ብር ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይጻፍ? የመጽሐፉ። ኬሚስትሪ «ተካ» ሲል ቦታ የሚለው ውሁዱን እንጂ የሽቦውን ገጽ አይደለም፤ ይህን ልማድ ማፍረስ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ነገሩን ገልብጠው ይሞክሩት። የብር ሽቦ የመዳብ ናይትሬት በሟሟበት ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡ ምንም አይፈጠርም፤ ብር ኤሌክትሮኑን ለመዳብ አዮን አሳልፎ አይሰጥም። ይህን እውነት የምንገልጸው «ብር መዳብን አይተካም» ብለን ነው። ተማሪው ትናንት «ብር መዳብን ተካ» ብሎ ጽፎ ዛሬ «አይተካም» ሲባል ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እኔ ብሆን ቢያንስ በመጀመሪያው ትምህርት ላይ ዓረፍተ ነገሩን አስረዝሜ «መዳብ ብርን ከጨዉ አስወጥቶ በቦታው ገባ» ብዬ እጽፈው ነበር። ሦስት ቃል ተጨመረ ብሎ የሚቆጣ አራሚ ካለ ይቆጣ።

«ተካ» አንድ በአንድ የሚለዋወጥ ያስመስላል፤ ይህም ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። አንድ የመዳብ አተም ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ አንድ የብር አዮን የሚወስደው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ መዳብ ሲገባ ሁለት ብር ይወጣል። በክብደት 63.5 ግራም መዳብ ወደ ውሃው ሲሄድ 215.8 ግራም ብር ይወጣል፤ ሽቦው ከለበሰው ብር ጋር ሲመዘን ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብደው ለዚህ ነው።

«ወደ ብር ተለወጠ» የሚለውን ግን ያለ ርኅራኄ ይሰርዙት። እዚህ ላይ የተሳሳተው ሰዋስው ሳይሆን ነገሩ ነው። መዳብ ብር አይሆንም፤ ብሩ አስቀድሞ ውሃው ውስጥ ነበረ። «መዳቡ ብር ለበሰ» ግን ጥሩ አማርኛ ነው፤ ሳይንሱንም አይበድልም። «ተለበጠ»ም ይሆናል፤ ለእኔ ጆሮ ግን ለባጭ ያለበት ሥራ ይመስላል፤ በራሱ ለሚሆነው «ለበሰ» ይሻላል። «መዳቡ ሟሟ» የሚሉም አይጠፉም። በዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። የሟሟ ስኳር ውሃው ሲተን ስኳር ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ውሃ ቢተን ግን የሚቀረው ሰማያዊ የመዳብ ናይትሬት እንጂ መዳብ አይደለም።

«የብር ጨው» ማለት ያስኬዳል። በኬሚስትሪ ጨው የወጥ ጨው ብቻ አይደለም፤ የብረታ ብረት አዮን ከአሲድ ቅሪት (እዚህ ከናይትሬት) ጋር ሲጣመር የሚገኘው ሁሉ ጨው ይባላል። ጠርሙሱ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ግን «ብር ናይትሬት» ተብሎ ሙሉ ስሙ ይጻፍ፤ ቆዳ የሚያጠቁርና ቢውጡት የሚጎዳ ነገር «ጨው» በሚል ስም ብቻ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የለበትም።