ልጃችሁ የቁልፉን ቦታ ያውቃል

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ የጦር መሣሪያ ስፈታና ስገጥም፣ የተበላሸውን ስጠግን፣ ሌላውን ሳሠለጥን ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በቅርቡ ትዳር የያዛችሁ፣ ልጅ የወለዳችሁ፣ በቤታችሁም ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ ያላችሁ ወጣቶች አልፎ አልፎ «እንዴት እናስቀምጠው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ስለ መሣሪያ የማውቀውን ብዙውን ከአለቆቼና ከሥራው ተምሬአለሁ፤ ዋናውን ግን ያስተማረችኝ ያኔ የ6 ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ ናት።

ሽጉጤን በመኝታ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በተቆለፈ የብረት ሳጥን አስቀምጥ ነበር። ቁልፉ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በስተጀርባ በኩል ይተኛል። እኔ ራሴ በእግር ጣቴ ቆሜ ነበር የማወርደው። ቀን ቀን ለተማሪዎቼ ስለ ጥንቃቄ ስለፈልፍ እውላለሁ፤ ማታ ቁልፉ ከልጆቼ ቁመት በላይ መሆኑ በቂ መስሎኝ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ልጄ በር ላይ ተቀበለችኝና እጇን ዘርግታ፣ «አባዬ፣ ቁልፍህ ስንጫወት ወደቀ» አለችኝ።

«ቁልፍህ» ነው ያለችው። የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ቀስ ብዬ ስጠይቃት የምን እንደሆነም ነገረችኝ። ወንበር ላይ ትራስ ደርባ እንደምትወጣ፣ ታናሽ ወንድሟም እንደሚያውቅ ሳትደነግጥ አጫወተችኝ። ከመቼ ጀምሮ? «ዱሮ!» አለች። ልጅ «ዱሮ» ሲል ትናንትም ሊሆን ይችላል፣ ካቻምናም ሊሆን ይችላል። ያን ሌሊት ያላስተኛኝ ይህች ቃል ናት። ሳጥኑን ስከፍት ሁሉም እንደነበረ ነው። ከፍተውት ያውቁ እንደሆነ ግን ዛሬም ድረስ እርግጠኛ አይደለሁም።

ደብቄው ኖሯል እንጂ ቆልፌው አልነበረም። ቁልፉ ልጅ በሚደርስበት ቦታ ካለ የብረት ሳጥንም መደበቂያ ነው። ከፍራሽ ሥር፣ ከልብስ መሃል፣ ከመጽሐፍ ኋላ የሚባሉትማ ልጅ ጠዋት ማታ ሲጫወት የሚርመሰመስባቸው ቦታዎች ናቸው። እናንተ ቤታችሁን የምታውቁት ከቆማችሁበት ነው፤ ልጆቻችሁ በሆዳቸው እየተሳቡ፣ ወንበር እየወጡ፣ አልጋ ሥር እየገቡ ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ በአሜሪካዋ አላባማ የተደረገ ጥናት ወላጆችንና ልጆችን ለየብቻ ጠይቆ ነበር። «ልጆቻችን መሣሪያው የት እንደሚቀመጥ አያውቁም» ካሉት ወላጆች 39 በመቶ የሚሆኑትን የገዛ ልጆቻቸው ውሸታም አደረጓቸው። «ልጃችን ነክቶት አያውቅም» ካሉት ደግሞ 22 በመቶው ተሳስተዋል። እኔም ያን ጊዜ ብጠየቅ ኖሮ፣ ባለሙያ ነኝ ብዬ፣ በሙሉ ልቤ እሳሳት ነበር።

«ገና ሕፃን ነው፤ ምላጭ የመሳብ አቅም የለውም» የሚለኝ ወላጅም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሌላ ጥናት የልጆችን የጣት ጉልበት ለክቶ ነበር። በሁለት ጣት ሲስቡ፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ካሉት ሕፃናት ሩብ የሚሆኑት፣ ከ5 እስከ 6 ዓመት ካሉት 70 በመቶ፣ ከ7 እስከ 8 ዓመት ካሉት 90 በመቶ በገበያ ላይ ከነበሩት ሽጉጦች አብዛኛውን ለመተኮስ የሚበቃ ጉልበት ነበራቸው። ደግሞ ሕፃን እንደ እኛ አይዝም። እጀታውን ጨብጦ ጣቱ ምላጩ ጋ ስለማይደርስለት፣ ሽጉጡን ወደ ራሱ ያዞርና በሁለት አውራ ጣቶቹ ይገፋል። አፈሙዙ ያኔ ማንን እንደሚያይ እናንተው አስቡት።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ጥይት ማውጣትን ሁሉም አውቃለሁ ይላል፤ ቅደም ተከተሉን የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር፤ ጣት ከምላጩ ይራቅ። ከዚያ መጀመሪያ የሚመጣው ካዝናውን፣ ማለትም የጥይቱን ማቀፊያ፣ መንቀል ነው። ካዝናው ከወጣ በኋላ ብቻ መቀባበያውን፣ ማለትም ጥይት የሚያጎርሰውን ተንሸራታች ብረት፣ ወደ ኋላ ስባችሁ የጎረሰውን ጥይት ታስወጣላችሁ። መቀባበያውን መጀመሪያ ስቦ ካዝናውን በኋላ የሚነቅል ሰው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? አንዱን ጥይት አስወጥቶ ሌላውን አጉርሷል፤ ከዚያ ካዝናውን እያሳየ «ይኸው ባዶ ነው» ይላል። ካዝና ካልገባባቸው በቀር እንዳይተኩሱ ሆነው የተሠሩ ሽጉጦች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የጎረሱትን አንድ ጥይት ያለ ካዝናም ይተኩሳሉ። ስለዚህ መቀባበያውን እንደከፈታችሁ በብርሃን እዩ፣ ትንሿን ጣታችሁን ሰዳችሁ ዳስሱ፣ ደግማችሁ እዩ። እኔ ዛሬም፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት ራሴ ባዶ ያደረግሁትን ሽጉጥ ሳነሳ፣ እንደ አዲስ አያለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

ቋንቋችን «ባረቀ» የሚል ቃል አለው። «ሽጉጡ ባረቀበት» ሲባል ጥፋቱን ሁሉ ብረቱ ይሸከማል። በሥራ ዘመኔ «ባረቀ» ተብለው ጠረጴዛዬ ላይ የመጡ መሣሪያዎችን ፈትቼ መርምሬአለሁ። በእርግጥ ብልሽት ያገኘሁባቸው አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ምንም አልነበራቸውም። ጣት ምላጭ ላይ ነበረች፤ ወይም ጥይት መኖሩ አልታየም ነበር።

ካዝና የምንለው የጥይቱን ማቀፊያም፣ ገንዘብና ሰነድ የምንቆልፍበትንም የብረት ሣጥን መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ግን ለማስታወስ ይመቻል፦ ካዝናውን ንቀሉና ሽጉጡን ካዝና ውስጥ ቆልፉ። ጥይቱ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ቁልፍ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት አራት ልማዶችን መርምሮ ነበር፤ መሣሪያውን መቆለፍ፣ ባዶ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ጥይቱን መቆለፍ፣ ጥይቱንና መሣሪያውን መለያየት። አራቱም፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንኳ፣ ልጆችና ወጣቶች በቤት ባለ መሣሪያ የመጎዳታቸው ነገር ዝቅ ካለባቸው ቤቶች ጋር ተያይዘው ተገኙ። አራቱንም አድርጉ። አንዱን አንድ ቀን ብትረሱ ሦስቱ ይጠብቋችኋል፤ መርሳታችሁ ደግሞ አይቀርም።

ስለ ቁልፍ ዓይነት ብዙ አልልም። በተከፈተው መቀባበያ በኩል የሚያልፍ የሽቦ ቁልፍ ርካሽና ጥሩ ነው፤ መቀባበያው እንዳይዘጋ ስለሚያደርግ ጥይት ሊጎርስ አይችልም። ልጅን ያስቆማል፤ መቁረጫ የያዘ ሌባን ግን አያስቆምም። ምላጩን የሚሸፍነውን ቁልፍ ጥይት በጎረሰ መሣሪያ ላይ በጭራሽ አታድርጉ፤ ስትገጥሙት ራሱ ምላጩን ሊነካ ይችላል። ትንሽ የብረት ሳጥን ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር ካልታሰረ እንዳለ ተሸክመውት ይሄዳሉ። መስታወት ያለው የእንጨት ቁም ሳጥን ለዓይን ያምራል፤ ማስቀመጫ ግን አይደለም። የቁጥር ቁልፍ ከሆነ የልጃችሁን የልደት ቀን አታድርጉት፤ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። ቁልፉ የብረት ከሆነ ሰውነታችሁ ላይ ይሁን፤ ስትተኙም። ሽጉጡን በቆዳ አፎት ውስጥ ለወራት አትተዉት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ያዝገዋል።

«ሌሊት ሌባ ቢገባስ? ቁልፍ ስፈልግ ልገደል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ጥያቄውን አልንቅም። መልሴ በጨለማ በጣት ዳሰሳ የሚከፈት፣ ከአልጋ አጠገብ የታሰረ ሳጥን ነው፤ እስኪለምድባችሁ ባዶውን ደጋግማችሁ ከፍታችሁ ተለማመዱ። ጥቂት ሴኮንድ ይወስዳል። ትራስ ሥር ያለ ሽጉጥ እነዚያን ሴኮንዶች ያድንላችኋል፤ ልጃችሁ ከእንቅልፉ ነቅቶ ወደ አልጋችሁ በሚመጣበት ሌሊት ሁሉ ግን እንደተደገነ ያድራል። ሌባው የሚመጣ ከሆነ አንድ ቀን ነው። ልጃችሁ በየሌሊቱ ይመጣል።

አሁን ወደ ልጆቹ። አስተምሯቸው፤ ነገር ግን ትምህርቱ ቁልፉን ይተካል ብላችሁ አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ሙከራ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 64 ወንዶች ልጆችን፣ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት አድርጎ፣ እውነተኛ ግን መተኮስ የማይችል ሽጉጥ መሳቢያ ውስጥ ወደተደበቀበት ክፍል አስገባ። 48ቱ ልጆች ሽጉጡን አገኙት፤ 30ው ያዙት፤ 16ቱ ምላጩን ሳቡ። ካገኙት ግማሽ ያህሉ መጫወቻ ይሁን እውነተኛ አልለዩትም። ከያዙት ውስጥ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ስለዚህ «ልጄን መክሬዋለሁ» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ አባት ያስፈራኛል።

ለሕፃን የሚነገረው አጭር ነው፦ ቁም፣ አትንካ፣ ሽሽ፣ ለትልቅ ሰው ንገር። ችግሩ ልጆች ይህን እንደ ግጥም ሸምድደው፣ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚነኩት መሆኑ ነው፤ በጥናትም ታይቷል። የተሻለ ውጤት ያመጣው በተግባር ማለማመድ ነው። የማይተኩስ፣ ባዶነቱ የተረጋገጠ ነገር ወለል ላይ አድርጋችሁ፣ ልጁ ከክፍሉ ወጥቶ እስኪጠራችሁ ድረስ እንደ ጨዋታ ደጋግሙት። ከሳምንታት በኋላ ሳይጠብቅ እንደገና። አንዴ ተነግሮት በዚያው የሚጸና ልጅ የለም።

ሌላው፣ የነገራችሁን ልጅ አትቆጡ። ልጄ ቁልፉን ስትሰጠኝ ጉሮሮዬ ድረስ የመጣ ጩኸት ነበር፤ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ አላውቅም። ብጮህባት ኖሮ ቀጣዩን የምታገኘውን ነገር ደብቃ ትይዘው ነበር። አቀፍኳትና አመሰገንኳት። መሣሪያውንም በአጥርና በሹክሹክታ አትክበቡት። ማየት የፈለገ ልጅ ይጠይቃችሁ፤ እናንተ ባላችሁበት፣ ባዶ አድርጋችሁ፣ ሲያበቃ መልሳችሁ ቆልፋችሁ አሳዩት። ካደገና ኢላማ መለማመጃ ይዛችሁት ከሄዳችሁ የጆሮ መከላከያና መነጽር ይኑረው፤ ሲመለስ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የጥይት ጢስ እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ይዟል።

ለመጻፍ የከበደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ብዙ ወላጅ ልጁ 14 ወይም 15 ሲሞላው «አሁን ልብ ገዝቷል» ብሎ ይዘናጋል። ሕፃን ሳያውቅ ይነካል፤ ጎረምሳ ግን እያወቀ፣ በከፋው ቀን ሊያነሳው ይችላል። ራሳቸውን ለመግደል ሞክረው ከሞት አፋፍ የተመለሱ ወጣቶች ሲጠየቁ፣ ሩብ ያህሉ ከውሳኔ እስከ ድርጊት 5 ደቂቃ እንኳ እንዳልወሰደባቸው ተናግረዋል። ያ ስሜት ያልፋል፤ እስኪያልፍ ድረስ ግን በእጁ የሚገባው ነገር ወሳኝ ነው። መሣሪያ ለመጸጸት ጊዜ አይሰጥም።

ስለዚህ ልጃችሁ ከሰው መሸሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ተስፋ የቆረጠ ንግግር ካበዛ፣ መሣሪያውን ከቤት አውጡ። ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ፣ የምታምኑት ሰው ዘንድ ወይም ለዚያ በተፈቀደ ቦታ ይቆይ። የቁልፉን ቁጥር መቀየር አይበቃም፤ ያን ልጅ ያሳደጋችሁት እናንተ ናችሁ፣ እሱም እናንተን ያውቃችኋል። ከዚያ ፊት ለፊት ጠይቁት፦ «ራስህን መግደል አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ የሕክምና ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። ይህ ለእናንተ ለራሳችሁም ነው። ክፉ ጊዜ የመጣባችሁ እንደሆነ ለምትቀርቡት ሰው «ይህን ለጊዜው ውሰድልኝ» ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኔ ከአንድ ወዳጄ እጅ ተቀብዬ ስምንት ወር አስቀምጬለታለሁ። ዛሬ አብረን ቡና እንጠጣለን።

በመጨረሻ የሰው ቤት። ልጃችሁ ጓደኛው ጋ ሊጫወት ሲሄድ ስለ ውሻ ትጠይቃላችሁ፤ ስለ መሣሪያ ግን ይሉኝታ ይይዛችኋል። «ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? ተቆልፏል?» የሚለውን ጥያቄ ስለ ውሻው በምትጠይቁበት ድምፅ ጠይቁት። ከተቀየሟችሁ ልጆቹ እናንተ ቤት ይጫወቱ።

ያቺ ቁልፉን የሰጠችኝ ልጄ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለፈው ልጆቿን ይዛ መጣችና፣ በር ላይ አስቁማቸው፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «አባዬ፣ ቁልፉ የት ነው?» አለችኝ። ከአንገቴ ላይ አውጥቼ አሳየኋት። «የጥይቱስ?» አለች። እናትሽ ጋ አልኳት። ወደ ጓዳ ተጣርታ እናቷን ጠየቀች፤ መልሱን ከሰማች በኋላ ልጆቿን ለቀቀቻቸው።