ቀላል ተንሸራታች አውሮፕላን ለመሥራት የትኛው ንድፍ ይሻላል?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ በርና መስኮት የምሠራበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። ሞተር የሌለው፣ አንድ ሰው የሚይዝ ተንሸራታች አውሮፕላን ለመሥራት አስቤ ከእንጨቱና ከአሉሚኒየም ቱቦው ንድፍ አንዱን መምረጥ አቅቶኛል። ወጪ ለመቀነስስ ቱቦላሬ ወይም የእንጅባራ ቀርከሃ ብጠቀም ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ለእርስዎ የሚስማማው በሽቦ ገመድ የተወጠረው የአሉሚኒየም ቱቦ ንድፍ ነው። አሜሪካዊው ማይክ ሳንድሊን የነደፋቸው «ባግ» እና «ጎት» (የመጀመሪያውን «በግ» ብለው እንዳያነቡት፤ ሁለተኛው ግን በእርግጥም ፍየል ማለት ነው) የዚህ ዓይነት ሲሆኑ፣ ንድፋቸው ያለ ክፍያ ለሕዝብ ስለተለቀቀ ገንዘብዎ በሙሉ ለዕቃው ይውላል። «ባግ» ድርብ ክንፍ አለው፤ «ጎት» ባለ አንድ ክንፍ ነው።

ከእንጨት ከሚሠሩት መካከል የጂም ሞፒን «ዉድስቶክ» አንድ ሜትር ሲወርድ 24 ሜትር ያህል ወደ ፊት ስለሚንሸራተት በብቃት እጅግ ይበልጣቸዋል። ይሁን እንጂ ጥንካሬው ያለው በሙጫው ውስጥ ነው፤ በደንብ ያልያዘ ሙጫ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ከያዘው አይለይም። ባሕር ዛፍም ከባድና ሲደርቅ የሚጣመም በመሆኑ ለአውሮፕላን የሚመረጠውን እንጨት አይተካም። ቱቦና ሽቦ ግን ከእያንዳንዱ በረራ በፊት በዓይንዎና በጥፍርዎ ሊፈትሹት ይችላሉ።

ቱቦላሬውን ይተዉት፤ ብረት በተመሳሳይ መጠን ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። በአሜሪካ ሕግ ሞተር አልባ ቀላል አውሮፕላን ባዶ ክብደቱ ከ70 ኪሎ ግራም ብዙም ማለፍ አይፈቀድለትም። ቀርከሃም ቢሆን አንዱ ከሌላው እኩል አይጠነክርም፣ ብሎን በገባበት ቀዳዳም ይሰነጠቃል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የካሊፎርኒያ ወጣቶች በቀርከሃና በፕላስቲክ የበረሩት ከአሸዋማ ቁልቁለት ላይ፣ ዝቅ ብለው ነበር።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው ግን እጅዎ ላይ ያለው የመስኮት አሉሚኒየም እንዳያታልልዎት ነው። ለበርና መስኮት የሚውለው በአብዛኛው 6063 የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ እንዲህ ያሉ ንድፎች የሚጠይቁት 6061-ቲ6 ሳይታጠፍ የሚሸከመው ጭነት ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ በዓይን ግን አይለያዩም። ይህንኑ ቱቦ መበየድም አይገባም፤ ሙቀቱ ጥንካሬውን ያጠፋዋልና፣ የብየዳ ችሎታዎ እዚህ ላይ ሥራ ይፈታል። መስመሩን በማርከር እንጂ በሹል ብረት አያስምሩ፤ የቀዳዳውንም ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም ያለስልሱት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጭረት ነው።

ንድፉ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ለባሕር ጠለል የተሰላ መሆኑንም ልብ ይበሉ። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሣው ክንፍ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 40 ይፈልጋል፤ በማረፍም ጊዜ መሬቱን የሚነካው በዚያው ልክ ፈጥኖ ነው። ስለዚህ ሰፊ ክንፍ ያለውን ይምረጡ፤ የመጀመሪያውን ቱቦ ከመግዛትዎ በፊት ስለ ፈቃዱ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ፤ መብረሩንም ከአስተማሪ ጋር ሳይማሩ አይጀምሩ። የመጀመሪያው ሙከራዎ ጥቂት ሜትር ከፍታ ባለው ሣር የለበሰ ተዳፋት ላይ ይሁን፤ የዓባይ በረሃን አፋፍ ለጊዜው ከሐሳብዎ ያውጡት።