ቪዲዮ ፖከርን ሙያ ለማድረግ ላሰብከው ወንድማችን

ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። «ቪዲዮ ፖከርን በደንብ ተምሬ እንደ መደበኛ ሥራ ልይዘው እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር? ምን ያህልስ ጊዜ ይፈጃል?» ነው ያልከው። ይህን በካዚኖ ማሽን ላይ አምስት ካርታ ተቀብለህ፣ ያልፈለግከውን ቀይረህ፣ በመጨረሻ በያዝከው ካርታ የምትከፈልበትን ጨዋታ ለዓመታት ስለተጫወትኩት የማውቀውን ልንገርህ። ጎበዝ ተጫዋች መሆን ይቻላል፤ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ቀላልም ነው። በእሱ መተዳደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን የሚወስነው ካንተ ጉብዝና ይልቅ ፊትህ ያለው ማሽን ነው።

ስለዚህ ከካርታው በፊት የክፍያ ሰንጠረዡን ማንበብ ተማር። ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ አብዛኛው ሰው ግን ዞር ብሎ አያየውም። «ጃክስ ኦር ቤተር» የሚባለውን፣ ክፍያው ከጃክ ጥንድ የሚጀምረውን የተለመደ ጨዋታ እንውሰድ። ሁለት ቁጥር ብቻ ፈልግ። ለፉል ሀውስ (ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ) ስንት ይከፍላል? ለፍላሽስ (አምስቱም ካርታ አንድ ምልክት ሲሆን)? ለአንድ ኮይን 9 እና 6 ከሆነ፣ ሳይሳሳት ለሚጫወት ሰው ማሽኑ በረጅም ጊዜ ከገባበት ገንዘብ 99.54 በመቶውን ይመልሳል። 8 እና 5 ከሆነ 97.30 በመቶ። 6 እና 5 ከሆነ ወደ 95 በመቶ ይወርዳል። ስሙም፣ ቀለሙም፣ ድምፁም አንድ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ልታገኛቸው ትችላለህ።

ልዩነቱ ትንሽ ከመሰለህ በገንዘብ እንየው። ባለ 25 ሳንቲም ማሽን ላይ አምስት ኮይን ስታስገባ አንዱ ዙር 1.25 ዶላር ነው። በሰዓት 600 ዙር መጫወት ብዙ አይደለም። ይህ በሰዓት 750 ዶላር ማገላበጥ ማለት ነው። በ9/6ቱ በአማካይ በሰዓት 3.45 ዶላር ትከስራለህ፤ በ8/5ቱ 20.25 ዶላር። ያውም ሁለቱም ላይ እንከን የለሽ ስትጫወት!

አምስት ኮይን ያልኩት በምክንያት ነው። ሮያል ፍላሽ፣ ማለትም በአንድ ምልክት 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግና ኤስ፣ ከአንድ እስከ አራት ኮይን ስታስገባ ለእያንዳንዱ 250 ይከፍላል። በአምስት ግን ክፍያው 4,000 ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 800 ማለት ነው። አምስቱ ከከበደህ ዝቅ ያለ ዋጋ ያለው ማሽን ፈልግ እንጂ ኮይን አትቀንስ።

አሁን ወደ ካርታው። አምስት ካርታ ሲሰጥህ የትኛውን ይዘህ የትኛውን እንደምትጥል 32 ምርጫ አለህ። የትኛው እንደሚሻል በሂሳብ ይታወቃል። «ልቤ ነገረኝ» እዚህ ቦታ የለውም። በ9/6 ጃክስ ኦር ቤተር፣ ባለ ልብ ኤስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ እና 4 መጣልህ እንበል። ፍላሽ በእጅህ ነው። ግን 4ቱን ጥለህ ለሮያሉ ትስባለህ። መጀመሪያ ላይ እጅህ እምቢ ይልሃል። ትንሽ ጥንድ፣ ለምሳሌ ሁለት 6፣ እና ለፍላሽ አንድ የቀራቸው አራት ካርታዎች ከመጡ ጥንዱ ይፈርሳል። የጃክ ጥንድ ከሆነ ግን ጥንዱን ትይዛለህ። ከጥንድ ጋር ደግሞ ኤስ ስላማረህ ብቻ አታስቀር። ሰው ገንዘቡን የሚበትነው በዚህች ነው።

ይህን ለመልመድ የሚያስተምሩ ፕሮግራሞች አሉ። ስትሳሳት ወዲያው ይነግሩሃል። በገንዘብ ሳትጫወት በነሱ ተለማመድ፤ ቀስ በል፣ ፍጥነቱ በራሱ ይመጣል። ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ላልከው፣ አንድን ጨዋታ በደንብ መያዝ የሳምንታት ሥራ ነው። ግን አንድን ብቻ! «ዲዩስስ ዋይልድ» ላይ ሁሉም 2 ቁጥር ማንኛውንም ካርታ የሚተካ ጆከር ስለሆነ የጃክ ጥንድ ምንም አይከፍልም፤ ክፍያ የሚጀምረው ከሦስት ተመሳሳይ ነው። የአንዱን ስልት ለሌላው ከተጠቀምክ ጉድ ይፈላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ሮያል ፍላሽ በአማካይ በ40,000 ዙር አንዴ ገደማ ይመጣል። ከዚያ 99.54 በመቶ ውስጥ 2 በመቶ የሚሆነው የሱ ድርሻ ነው። ሮያሉ እስኪመጣ ድረስ የምትጫወተው 97.5 በመቶ በሚመልስ ማሽን ላይ ነው ማለት ነው። 40,000 ዙር ተጫውተህ አንድም ሮያል ያለማየት ዕድልህ ከመቶ 37 ገደማ ነው። 80,000 ዙር ተጫውተህም ከመቶ 13 በላይ ነው። እኔም እንዲህ ያለ ድርቅ አይቻለሁ፤ ምንም ሳትሳሳት ገንዘብህ ሲቀልጥ ማየት ያሳብዳል። «ማሽኑ ሞልቷል፣ አሁን ሊሰጥ ነው» የሚሉህን አትስማ። ያለፈውን ዙር አያስታውስም።

ታዲያ ባለሙያዎቹ በምን ይኖራሉ? ከ100 በመቶ በላይ የሚመልሱ ሰንጠረዦች ነበሩ፤ አልፎ አልፎ አሁንም ይገኛሉ። ሙሉ ክፍያ ያለው ዲዩስስ ዋይልድ 100.76 በመቶ ይመልሳል። መለያው ለአራት ተመሳሳይ 5 መክፈሉ ነው፤ 4 ካየህ እሱ አይደለም። በቅድሙ ሂሳብ ብትጫወተው እንኳ በአማካይ በሰዓት 5.70 ዶላር ነው የምታገኘው። ሌላው መንገድ በተጫወትከው ልክ ነጥብ እየሰጠ ጥቂት ገንዘብ የሚመልስልህ የካዚኖው የአባልነት ካርድ ነው። 9/6ቱ ላይ 0.25 በመቶ ተመላሽ የሚሰጥ ካዚኖ ነጥብ እጥፍ በሚያደርግበት ቀን 100.04 ትደርሳለህ። ይህ በሰዓት 30 ሳንቲም ነው፤ ቡናህን ከቤት ይዘህ ሂድ። ለዚህ ነው ባለሙያ የሚባሉት ትልልቅ ማሽን ላይ፣ በብዙ መነሻ ገንዘብ፣ ቀን እየመረጡ የሚጫወቱት። ካዚኖውም አይተኛም። የሚያሸንፈውን ሰው ጥቅማ ጥቅም ይቀንሳል፣ ጥሩውን ማሽን ያነሳል። ሥራህ ከመጫወት ይልቅ መፈለግ ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገር። በኔቫዳ ሕግ ካርታ የሚያሳይ ማሽን እንደ እውነተኛ ካርታ እኩል ዕድል መስጠት ግዴታው ነው። የጻፍኩት ቁጥር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ማን እንደሚቆጣጠረው በማይታወቅ ድረ ገጽ ላይ ይህ ሂሳብ አይሠራም።

እኔ ብሆን ሥራዬን አልለቅም። በትርፍ ሰዓት፣ ቢጠፋ ኑሮህን በማያናጋ ገንዘብ ጀምር። የተበላኸውን ለማስመለስ ብለህ መቀመጥ ከጀመርክ ግን ያኔውኑ ተነስ። ለማንኛውም በቅርብህ ያሉትን ማሽኖች ሄደህ እይና የጨዋታውን ስም፣ የፉል ሀውስና የፍላሹን ክፍያ እዚህ ጻፍልን። ዲዩስስ ዋይልድ ከሆነ ሰንጠረዡን በሙሉ። ምን ያህል እንደሚመልስ አብረን እናሰላዋለን።