እንግዳ ይዛችሁ ሐረር ስትገቡ

አምስተርዳም በኖርኩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ከተማዋን ያሳየሁት በጀልባ ነው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን የተቆፈሩት ቦዮች መሀል ከተማውን ደጋግመው ይከብቡታል። አንድ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ በጆሮ ማዳመጫ ታሪኩን ስትሰሙ የነጋዴዎቹ ቤቶችና ድልድዮቹ በፊታችሁ ያልፋሉ። ምቹ ነው፤ ጉልበቷን ለሚያማት እናት እንኳን አይከብድም።

የፈረንጅ ወዳጆቼን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገር ቤት ሳመጣ ይህንኑ ልማድ ይዤ መጣሁ። የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንኩ ሐረርን አውቃታለሁ ብዬ ሚኒባስ ተከራየሁ። ጠዋት ገባን፣ በሮቹን በመኪና ዞርን፣ ሙዚየም አየን፣ ማታ የጅቡን ትርኢት አይተን በማግስቱ ወረድን። ከዓመት በኋላ አንዷን ወዳጄን ስለ ሐረር ምን እንደምታስታውስ ብጠይቃት የነገረችኝ ስለ ጅቡ ብቻ ነው። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሺህ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ያለውን ከተማ በመኪና መስኮት አሳይቼ መለስኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ጊዜ እንግዳ ይዤ ተመልሻለሁ፤ የምመክራችሁም ከዚያ የቀሰምኩትን ነው።

በመጀመሪያ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያዙ፤ አንዱን ለድሬዳዋ፣ ሁለቱን ለሐረር። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የባቡሩን ሠፈር ከዚራን በዛፎቹ ጥላ ሥር በእግር አሳዩአቸው፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የመጋላን ሠፈር፣ የቀፊራን ገበያም እንዲሁ። ከተማዋ ቆላ ናትና የትንኝ መከላከያ አትርሱ። ወደ ሐረር ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ የሰሞኑን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ በቀን ብቻ ተጓዙ።

መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ነገር ግን በሩጫ አትለፉት። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ሐረማያ ሐይቅ ትደርሳላችሁ። እዚያ ውረዱ። ይህ ሐይቅ ለአሥርተ ዓመታት ሐረርን ያጠጣ ነበር። የከተማው ፓምፕ፣ የጫትና የአትክልት መስኖ፣ ከተራራው የሚታጠበው ደለል ተደራርበውበት በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደረቀ። አሁን ውሃው ተመልሷል። ባለፈው ጊዜ ከዳር ያሉ ወጣቶች በትንሽ ጀልባ ወሰዱን። ቀዛፊው መሀል ላይ ሲደርስ መቅዘፊያውን አንሥቶ አባቱ ከብት ያሰማራ የነበረው ጀልባችን ከቆመበት ቦታ ላይ እንደነበር ነገረን። ከውሃ ጋር ሲታገል የኖረ አገር ሰው የሆነው እንግዳዬ እጁን እስከ አንጓው ውሃው ውስጥ ነክሮ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። እናንተም ጀልባ ካገኛችሁ ተሳፈሩ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ግን አስቀድማችሁ እዩ።

ሐረር ከባሕር ምን እንዳገናኛት ለመንገርም ከዚያ ጀልባ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቡናዋ በግመል ወርዶ ከዘይላና ከበርበራ ወደቦች በጀልባ ወደ የመን ይሻገር ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ሐረር የገባው ከየመኗ ኤደን በጀልባ ዘይላ ወርዶ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ በዚያው መንገድ መጥቶ የቡና ንግድ ውስጥ ገባ። እንግዳው ይህን ካወቀ በኋላ ጁገልን፣ የሐረርን ግንብ፣ ሲያይ ያንን ሁሉ መንገድ የተጓዘውን ነጋዴ ያስባል።

ጁገል ስትደርሱ መኪናውን ከውጭ አቁሙት። በአሚር ኑር ዘመን፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን የተሠራው ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ዛሬ መኪና የሚገባበት በር የኋላ ዘመን ነው። ኤረር በር ከምንለው፣ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ከሚሉት በእግራችሁ ግቡ። መንገዱ ድንጋይና ደረጃ ነውና ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል። ደግሞም እናንተ አስጎብኚ አትሁኑ። ሀበሻ ስለሆናችሁ ብቻ የሐረሪውን ከተማ ታውቃላችሁ ማለት አይደለም፤ እኔ አጠገቡ አድጌ አላውቀውም ነበር። ፈቃድ ያለው የከተማው ልጅ ቅጠሩ፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ከዚያ እናንተም ከእንግዶቻችሁ ጋር ሆናችሁ ስሙ።

አንድ የሐረሪ ቤት ሳትገቡ እንዳትወጡ። ጫማ ይወለቃል፤ ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው፤ መቀመጫው ነደባ የሚባል ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ሲሆን ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ባለፈው ጉዞ ሁላችንም ደጁ አጠገብ ተጨናንቀን ስንቀመጥ የቤቱ እመቤት ከእንግዶቼ ሽበት ያለውን ዕድሜውን በእኔ በኩል ጠየቁት። ሰባ አንድ መሆኑን ስነግራቸው ክንዱን ይዘው አስነሡትና አባወራው በሚቀመጥበት አሚር ነደባ ላይ አስቀመጡት፤ ትራሱንም በእጃቸው አስተካከሉለት። ሰውየው ከዚያ ቤት ወጥቶ እስክንተኛ ድረስ ስለ ሌላ ነገር አላወራም። ስፌት ከገዛችሁ በዋጋው ብዙ አትከራከሩ፤ አንዱ የሳምንታት ሥራ ነው። ሰው ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ እምቢ ያለችን ሴት አትለማመጡ።

ከቀትር በኋላ ከተማው ጭር ስለሚል ዋናውን ጉብኝት ጠዋት ጨርሱ። የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ስም ባወጣላት መኪና ግርግር ጎዳና ለእንግዳችሁ ቀሚስ ወይም ሸሚዝ አስለኩ፤ ትከሻውን የለካ ሰው በሚቀጥለው ቀን ሲያገኘው በስሙ ይጠራዋል። ጊዜው ከተመቻችሁ ደግሞ ከረመዳን በኋላ በሸዋል ወር ስምንተኛው ቀን አካባቢ የሚከበረውን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የመዘገበውን የሸዋሊድን በዓል ያዙ። ሆቴል ግን ቀደም ብላችሁ አስይዙ።

ጅቡን ለመጨረሻው ማታ አቆዩት። ቀን ላይ በግንቡ ሥር ያሉትን የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሳዩአቸው፤ በዐሹራ በዓል ሌሊት ለጅቦቹ ገንፎ እንደሚቀርብም ንገሯቸው። ያን ጊዜ ማታ የሚያዩት ከተማው ከጅቡ ጋር የኖረውን ጉርብትና ይሆናል። የካሜራ ብልጭታ አጥፉ፣ ልጆችን እጃቸውን ያዙ።

የመጨረሻውን ማለዳ ምንም አትያዙበት፤ እንግዶቻችሁ ብቻቸውን ወጥተው በጎዳናው ይጥፉ። ከድሬዳዋ የሚነሣው በረራ ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ከሐረር በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተነሡ። የደንገጎ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ከፊታችሁ ከገባ ቀርፋፋ ነው፤ ሹፌሩን እለፈው እያላችሁ አታስጨንቁት።