ልጄ ሜዱሳ ትላለች፣ እኔ ንግሥተ ሳባ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል። ሚቶሎጂ እየተማሩ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አፈ ታሪክ መርጦ ለክፍሉ በቃሉ ይተርካል። የተሰጣቸው 5 ደቂቃ ነው፤ ወረቀት ማየት ክልክል። ልጄ የግሪኮቹ ሜዱሳ ካልሆነች ሞቼ እገኛለሁ ብላለች፤ ያቺ ፀጉሯ እባብ የሆነው፣ ያያት ሁሉ ድንጋይ የሚሆነው። እኔ ደግሞ የራሳችን እያለልን ብዬ ንግሥተ ሳባን እንድትወስድ ወጥሬ ይዣታለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ተኳርፈናል። እባክዎ ይፍረዱን።
የተማሪዋ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳይከፋሽ እንጂ ለልጅሽ ነው የምፈርደው። ግማሹን ብቻ ግን።

እኔም አንቺ የመረጥሽውን መርጬ ተዋርጃለሁ። ደሴ፣ እንደ ልጅሽ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ንግሥተ ሳባን ልተርክ ተነሣሁ። ከአክሱም ጀምሬ፣ ኢየሩሳሌም ደርሼ፣ ታቦተ ጽዮንን ይዤ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰለሞን ጥበብ ሲያወራላት ብቻ ስንት ደቂቃ እንደፈጀሁ እንጃ። ቀዳማዊ ምኒልክ ሳይወለድ ደወል ተደወለ። ከእኔ ቀጥሎ የወጣው ልጅ ስለዚያ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ስላለው ጅብ ተረከ። ደብተሩን መሬት ላይ አነጠፈ፣ እግሩን አጣጥፎ እንደ ባላባት ተቀመጠበት፣ ጉሮሮውን ጠረገ። አለቀ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በኋላ 31 ዓመት አማርኛ ሳስተምር ለተማሪ ተረት ባስመረጥኩ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል።

ሌላም ችግር አለ። ክብረ ነገሥትን አስታውሺ። ሰለሞን ቅመም የበዛበት እራት ያበላታል። እሷ በኃይል እንዳይደርስባት ታስምለዋለች፤ እሱም ከቤቱ አንዳች እንዳትወስድ ያስምላታል። ሌሊት ውሃ ይጠማትና ትጠጣለች፤ መሐላው ፈረሰ ይላታል። የታሪኩ እምብርት ይኼ ነው፤ ያለሱ ምኒልክ አይወለድም። አሁን ይኼን የ12 ዓመት ልጅ ለ12 ዓመት ልጆች እንዴት አድርጋ ትተርከው? ብትዘልለው አንዱ እጁን አውጥቶ "ታዲያ ልጁ ከየት መጣ?" ማለቱ አይቀርም።

ወደ ሜዱሳ እንምጣ። ስሟ የታወቀ ስለሆነ ሌላም ልጅ ሊመርጣት ይችላል። ግን ልጅሽን አንድ ነገር ጠይቂያት፦ ፐርሲየስ የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ የት አገር ደረሰ? ግሪኮቹ "ኢትዮጵያ" ነው የሚሉት። የዚያ አገር ንጉሥ ኬፌዎስ ይባላል። ሚስቱ ካሲዮጵያ ከባሕር ቆነጃጅት እንበልጣለን ብላ ትመካለች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ አውሬ ይልካል። አውሬው እንዲመለስ ልጃቸው አንድሮሜዳ ባሕር ዳር ካለ ቋጥኝ ጋር በሰንሰለት ትታሰራለች። ፐርሲየስ አውሬውን ገድሎ ያገባታል። ዛሬ አራቱም ሰማይ ላይ በከዋክብት ስብስብ ስም አሉ። ካሲዮጵያ እንኳ በቀላሉ ትታያለች፤ የተንጋደደ "ደብልዩ" ትመስላለች።

መቼም ይኼን ስትሰሚ ደረትሽን እንደምትነፊ አውቃለሁ። ቀስ በይ። ግሪኮች "ኢትዮጵያ" ሲሉ ብዙ ጊዜ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ነው፤ በተለይ በዛሬዋ ሱዳን የነበረውን ኩሽን። ይባስ ብሎ አንዳንዶቹ አንድሮሜዳ የታሰረችበትን ቋጥኝ ዛሬ እስራኤል ውስጥ ያለው ያፋ ወደብ ያደርሱታል። ልጅቷ "ይቺ የአገሬ ልጅ ናት" ብላ እንዳትምል።

አሁን ግድግዳሽ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ካለ ቀና ብለሽ እዪው። ፈረሱ፣ ጦሩ፣ ከታች ዘንዶው። ዛፍ ላይ ያለችውስ? ብሩታዊት። እሷም ለዘንዶ የተሰጠች ልጅ ናት። (ገድሉን ግን ለሚቶሎጂ ክፍል አትስጪ። ገድል ሌላ፣ አፈ ታሪክ ሌላ። አያቷ ቢሰሙ አንቺንም እኔንም አይምሩንም።)

እኔ የምመርጥላት ሦስተኛዋን ነው። በትግራይ ሲተረክ የኖረ የንግሥተ ሳባ አፈ ታሪክ አለ፤ ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። መምህሯ ምንጭ ከጠየቁ ይኼን ትንገራቸው። እዚያ ላይ ንግሥቲቱ እትዬ አዜብ ነው የምትባለው። ስትጀምር ንግሥት አይደለችም፤ ተራ ልጃገረድ ናት። ሕዝቡ ዘንዶ ያመልካል፣ የበኩር ሴት ልጁን ይገብርለታል። ተራው የእሷ ቤት ይደርስና ዛፍ ላይ ያስሯታል። ሰባት ቅዱሳን መንገድ ደክሟቸው ጥላው ሥር አረፍ ይላሉ። ከላይ እንባ ጠብ ይልባቸዋል። ቀና ይላሉ።

ይቺን እንባ ልጅሽ በደንብ ትያዛት። እዚህ ላይ ዝም ትበል። ጣቷን ጉንጯ ላይ ታድርግ፣ ቀስ ብላ ወደ ላይ ትይ። ክፍሉ አብሯት ቀና ካላለ እኔ አስተማሪ አልነበርኩም።

ቅዱሳኑ ዘንዶውን ይገድሉታል። ደሙ ግን ተረከዟ ላይ ይፈናጠቅና እግሯ የአህያ ኮቴ ይሆናል። ወደ መንደሯ ስትመለስ አመለጠች ብለው ያባርሯታል። በነጋታው ሬሳውን ታሳያቸዋለች፤ ያን ጊዜ በላያቸው ያነግሷታል። ከዚያ ሰለሞን የሚባል ንጉሥ ይፈውሳል ሲባል ሰምታ፣ እንደ ወንድ ለብሳ ትሄዳለች። የቤተ መንግሥቱን ደጃፍ ስትረግጥ እግሯ ይድናል። ቅዱሳኑ ከሰለሞን ስንት ዘመን በኋላ እንደኖሩ የሚቆጥር ካለ ይቁጠር። አፈ ታሪክ የቀን መቁጠሪያ ይዞ አይሄድም።

አየሽ፣ ልጅሽ አውሬዋን አገኘች፣ አንቺም ሳባሽን። ሜዱሳም ብትሆን አልቀረችም፤ መግቢያው ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር አንድሮሜዳን ካነሣች ፐርሲየስና የሜዱሳ ራስ አብረው ይመጣሉ።

ለልምምድ ጽፈሽ አታስጠኚያት። በቃል የሸመደደ ልጅ አንድ ቃል ከጠፋው ሁሉም ይጠፋዋል። አራት ነገር ብቻ ትያዝ፦ ዛፉ፣ እንባው፣ ኮቴው፣ ደጃፉ። ሌላውን እንደመጣላት ትናገረው። ለአያቷም በስልክ ትተርክላቸው፤ በአማርኛ፣ በተሰባበረውም ቢሆን። እሳቸው ሳያቋርጡ አይሰሙምና ለክፍሉ ጥያቄ ጥሩ መለማመጃ ይሆናታል።

ደግሞ አደራ፣ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ታቁም። እግሯ ዳነ፣ አመሰግናለሁ፣ ቁጭ። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ከገባች እራት ይቀርባል፤ ያ ውሃም ይመጣል።